ቤቱን ከመውደድ በፊት

በእንግሊዝ የቤት ሽያጭ ሕግ ላይ ለዘመናት የነገሠች አንዲት አጭር አባባል አለች። ከላቲን ስትተረጎም «ገዥ ይጠንቀቅ» ማለት ናት። ሻጩ ጣሪያው እንደሚያፈስ እያወቀ ዝም ቢል፣ ተጠይቆ እስካልዋሸ ድረስ ዝምታው አያስከስሰውም። መጠየቅ፣ መመርመር፣ ወረቀት ማገላበጥ የገዥው ፋንታ ነው። ወጪውም የሱ ነው።

እኔ የምሠራው ምሥራቅ ለንደን፣ የቤት ስም በሚያዛውር አንድ ትንሽ የሕግ ቢሮ ውስጥ ነው። ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ አበሾች ናቸው። አዲስ ፋይል ሲከፈት የቤቱን አድራሻ ሶፍትዌሩ ውስጥ አስገባለሁ። ካርታ ይዘረጋል፣ ግቢውን በቀይ መስመር ይከባል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይነግረኛል፦ ጎርፍ ያሰጋዋል ወይ? ከሥሩ የድሮ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ አለ ወይ? ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት እዚህ ቦታ ላይ የጋዝ ፋብሪካ ነበር ወይ? ባንክ በመያዣነት ይዞታል ወይ? የመጀመሪያው መልስ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አይቆይም።

ይሄን ሥራ ስጀምር የገረመኝ ፍጥነቱ አልነበረም። «ይሄ ሁሉ መረጃ ድሮ የት ነበር?» የሚል ጥያቄ ነው የያዘኝ። እያነበብኩ ስሄድ ያገኘሁት መልስ ደግሞ ይባስ አስገረመኝ፤ አብዛኛው ድሮም ነበር። ተጽፎ፣ ተፈርሞበት፣ በሆነ ሳጥን ወይም በሆነ መዝገብ ቤት ተቀምጦ። አምስት መቶ ዓመት የፈጀው ጠብ ወረቀቱን ማን ይከፍተዋል፣ መቼስ ይከፍተዋል የሚለው ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መቼ የሚለው ለምን እንደሚያንገበግብ ለመረዳት የእንግሊዝን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። እዚያ ዋጋ ተስማምታችሁ እጅ መጨባበጣችሁ ማንንም አያስርም። ጠበቆቹ የተፈረመ ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ሻጭም ገዥም ያለ ካሳ ጥሎ መሄድ ይችላል። ይህ ደግሞ ወራት ይወስዳል። በነዚያ ወራት ገዥው ለጠበቃ ይከፍላል፣ ቤቱን ለሚመረምር ባለሙያ ይከፍላል፣ እዚህ ሁላችንም በእንግሊዝኛው «ሰርች» ለምንለው ማጣራት ይከፍላል። ልጆቹን የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያስገባ አስቧል፤ መጋረጃ ሁሉ መርጧል። አሥር ዓመት የሌሊት ሽፍት ሠርቶ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ከእህት ከወንድም ተበድሮ ያጠራቀመ ሰው ክፉውን ወሬ በመጀመሪያው ሳምንት ሲሰማና በአራተኛው ወር ሲሰማ አንድ አይደለም። በአራተኛው ወር «አይ ምንም አይደል፣ እንግዛው» ይላል።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ።

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ መሬት የሚተላለፈው መሬቱ ላይ ቆሞ ነበር። ሻጩ ጭብጥ አፈር ወይም ቅርንጫፍ ያነሣና በምስክሮች ፊት ለገዥው እጅ ይሰጣል። ወረቀት ቢኖርም ባይኖርም፣ ዋናው ነገር ድርጊቱ ነበር። ለእኛ አገር ሰው ይሄ እንግዳ አይሆንበትም፤ ድንበሩን የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ያየ ጎረቤት፣ ይኸው ነው ማስረጃው። መንደሩ ያውቃል። ለመደበቅ አይመችም።

ለመደበቅ የፈለጉት ባለርስቶች ናቸው። በ1536 የሄንሪ 8ኛ ፓርላማ በአንድ ዓይነት ሰነድ የሚደረግ የመሬት ሽያጭ ሁሉ በመንግሥት መዝገብ ይግባ ብሎ ደነገገ። ጠበቆቹ ምን አደረጉ? ዛሬ መሬቱን ለአንድ ዓመት ያከራዩታል፣ ነገ ደግሞ የቀረውን መብት በሙሉ ለዚያው ተከራይ ይለቁለታል። ሕጉ ኪራይን አልጠቀሰም፤ ስለዚህ ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ቀን፣ ምዝገባ የለም። ይህቺ ብልጠት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ዋነኛው የመሬት መሸጫ መንገድ ሆና ኖረች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ጌታ ርስቱን ለስንት ሰው በዕዳ እንዳስያዘ ጎረቤቱ ካወቀ፣ ክብሩም ብድሩም አብረው ይሄዳሉ።

ተቃራኒውን የፈለጉም ነበሩ፤ የዮርክሸር ጨርቅ ነጋዴዎች። በምዕራብ ዮርክሸር የሰነድ መዝገብ ቤት እንዲቋቋም የፈቀደው የ1704 ሕግ መግቢያው ላይ ምክንያቱን ሲናገር፣ በጨርቅ ሥራ የሚኖሩት የአካባቢው ባለመሬቶች በመሬታቸው ብድር መውሰድ ስለሚያዘወትሩ ነው ይላል። አበዳሪው ፈርቶ ነበር፤ መሬቱ ቀድሞ ለሌላ አለመያዙን በምን ያውቃል? ሚድልሴክስ በ1709 ተከተለች። አብዛኛው አገር ግን በሳጥኑ ጸና።

ሳጥን የምለው የምሬን ነው። የቤቱ ባለቤትነት ማረጋገጫ የወረቀት ክምር ነበር፦ የአያት ኑዛዜ፣ የአክስት ጥሎሽ፣ የተከፈለና ያልተከፈለ ብድር፣ በብራና ላይ። ቤት በተሸጠ ቁጥር የገዥው ጠበቃ ያንን ሁሉ ከላይ እስከ ታች እንደገና ያነባል፤ በሚቀጥለው ሽያጭ ሌላ ጠበቃ ያንኑ እንደገና። ወደ ኋላ ስንት ዓመት መነበብ አለበት? በልማድ 60 ዓመት ነበር። በ1874 ሕግ 40 ሆነ፣ በ1925 30፣ በ1969 ደግሞ 15። ይህቺን የቁጥር ቁልቁለት በጣም እወዳታለሁ፤ የአንድ አገር ትዕግሥት ሲያልቅ ታሳያለች። ጠበቆቹ ግን አልቸኮሉም። ከ1804 ጀምሮ በክፍያ የንብረት ማስተላለፊያ ሰነድ ማዘጋጀት የሕግ ባለሙያዎች ብቻ ሥራ ሆኖ ነበር። ክፍያቸው ደግሞ እስከ 1880ዎቹ ድረስ በአብዛኛው በሰነዱ ርዝመት ይሰላ ነበር። በቃል ብዛት የሚከፈለው ሰው አጭር ይጽፋል ብላችሁ አትጠብቁ።

መፍትሔው ከሩቅ መጣ። በደቡብ አውስትራሊያ ሮበርት ቶረንስ የሚባል የጉምሩክ ሰው፣ መርከብ በመዝገብ ስም እንደሚዛወር መሬትስ ለምን አይዛወርም አለ። በ1858 ሕግ ወጣለት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ክምሩን ተውት፤ አንድ ገጽ ይኑር፣ ባለቤቱም ዕዳውም እዚያ ይጻፍ፣ መንግሥት ዋስ ይሁን። እንግሊዝ በ1862 የራሷን መሬት መዝገብ ቤት አቋቋመች፤ ግን ምዝገባው በፈቃደኝነት ነበር፣ ሰውም አልመጣም። በለንደን ግዴታ የሆነው ከ1897ቱ ሕግ በኋላ ነው። በመላው እንግሊዝና ዌልስ ግዴታው የተዳረሰው በ1990 መጨረሻ ነው! እስከዚያው ዓመት ድረስ ደግሞ የተመዘገበን ቤት ገጽ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መክፈት አይቻልም ነበር። መዝገብ አለ፣ ግን አይታይም። ጌቶቹ ከሄንሪ 8ኛ ጀምሮ የተከላከሉት ምስጢር በኮምፒውተር ዘመን ነው የተሸነፈው።

በነገራችን ላይ የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1553 ጀምሮ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ በዝርዝር ይደነግጋል። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ያ ክፍል ለጊዜው በሥራ ላይ እንዳይውል ያግደዋል። ያ «ለጊዜው» ረዘመ፤ የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው «ካርታው ንጹሕ ነው? እግድ የለበትም?» እያለ ከክፍለ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚንከራተትበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ለንደን ያሉ ደንበኞቻችን ሁለቱንም አገር ስለሚያውቁ፣ የእንግሊዙ አንድ ገጽ በኢሜይል ሲደርሳቸው ዝም ብለው ያዩታል። «በቃ ይኼው ነው?» ይሉኛል።

ይኼው ቢሆን ጥሩ ነበር። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ማወቅ የአደጋው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በተለይ ከ1947ቱ የከተማ ፕላን ሕግ ወዲህ፣ ካውንስሉ ቤታችሁ ላይ ከአበዳሪ ያልተናነሰ ሥልጣን አለው። ያለ ፈቃድ የተቀጠለው ክፍል ይፍረስ ሊል ይችላል፤ የጓሮው ዛፍ አይቆረጥም ሊል ይችላል፤ በሳሎናችሁ አጠገብ መንገድ ሊያወጣ አቅዶ ይሆናል። በ2000 ተግባር ላይ የዋለው የተበከለ መሬት ሕግ ደግሞ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አመጣ፦ መሬቱን የመረዘው ፋብሪካ ከጠፋ፣ የማጽዳቱ ሂሳብ ዛሬ ባለቤት ወይም ነዋሪ ወደሆነው ሰው ሊመጣ ይችላል። ከ60 ዓመት በፊት የተዘጋ የቆዳ ፋብሪካ ጉዳይ የእናንተ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። የቪክቶሪያ ዘመን ካርታዎችን በኮምፒውተር አስገብተው፣ አድራሻ ሲሰጣቸው ዘገባ የሚያወጡ ኩባንያዎች የበረከቱት በዚያ ጊዜ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የአስተን ካንትሎው ጉዳይ ነው። አስተን ካንትሎው በዋሪክሸር ያለ መንደር ነው። በ1990ዎቹ እዚያ እርሻ ያላቸው ባልና ሚስት ከደብሩ ምክር ቤት ደብዳቤ ደረሳቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን መቅደስ አሳድሱ፣ ሂሳቡም ወደ 95 ሺህ ፓውንድ ነው የሚል። ምን በወጣቸው? ነገሩ የሚጀምረው ከመካከለኛው ዘመን ነው። የደብሩን አሥራት የሚበላው ሰው የመቅደሱን ክፍል ይጠግናል፤ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ዘግቶ መሬታቸውን ሲሸጥ ግዴታው ከመሬቱ ጋር ተሸጠ፤ መሬቱ ሲከፋፈል ተከትሎት ሄደ። ባልና ሚስቱ ተከራከሩ፤ ጉዳዩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። በ2003 ተፈረደባቸው። የጥገናው ሂሳብ በመጨረሻ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ የክርክሩ ወጪ ሲጨመርበት እርሻውን ለመሸጥ ተገደዱ።

ይህ ፍርድ በአገሪቱ ያለውን ጠበቃ ሁሉ አስበረገገ። የትኛው ቤት በየትኛው ደብር የግዴታ መሬት ላይ እንደቆመ ማን ያውቃል? መልሱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ባሉ የአሥራት ሰነዶች ላይ ነበረ፤ አንድ ተመራማሪ ተቀምጦ ቢፈልግ ቀናት ይፈጅበታል። ብዙም ሳይቆይ የደብሮችን ዝርዝር በዳታቤዝ አስገብቶ በጥቂት ፓውንድ «አደጋ አለ» ወይም «የለም» የሚል አገልግሎት ወጣ። ፓርላማውም ቀነ ገደብ ሰጠ፤ ግዴታው እስከ ጥቅምት 13 ቀን 2013 በመሬት መዝገቡ ላይ ካልተጻፈ፣ ከዚያ በኋላ በገንዘቡ የሚገዛ ሰው አይጠየቅበትም። ሆኖም ያ ማጣሪያ ዛሬም በብዙ ቢሮዎች ሶፍትዌር ላይ ምልክት ተደርጎበት ይመጣል። ከ1530ዎቹ የመጣ ፍርሃት አሁንም በደንበኛው ደረሰኝ ላይ አለ። ለእኔ ይሄ የሙያችን አስቂኝ ገጽ ነው፤ ሶፍትዌር ፍርሃትን አንዴ ከመዘገበ መሰረዝ ይከብደዋል።

በወረቀት ዘመን ለካውንስል ጥያቄ የሚላከው በፖስታ ነበር፤ ቅጽና ቼክ ታሽጎ። መልሱ ባንዱ ካውንስል በሳምንት፣ በሌላው በሁለት ወር ይመጣል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይህ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር፣ መንግሥት አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ቤቱ ለሽያጭ ሳይወጣ በፊት ሻጩ ራሱ ሁሉን አጣርቶ በአንድ ማኅደር ቢያቀርብስ? ገዥ ቤቱን ሳይወድ አደጋውን ያያል። የ2004ቱ የቤቶች ሕግ ይህንን ደነገገ፤ በነሐሴ 2007 በትልልቅ ቤቶች ተጀምሮ በታኅሣሥ ሁሉንም ቤት አዳረሰ።

በግንቦት 2010 አዲሱ መንግሥት ገና ወንበሩ ሳይሞቅ አገደው። ብዙ ሰው ይህን የፖለቲካ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል፤ በከፊል ነው። እኔ ግን ማኅደሩ የሞተው ከመወለዱ በፊት ነው ባይ ነኝ። የቤቱን አካላዊ ይዞታ የሚናገረው ዘገባ፣ ዋናው ሆዱ፣ ከመጀመሩ በፊት በ2006 ግዴታ መሆኑ ቀረ። የቀረው የሰርች ወረቀት ነበር፤ ሰርች ደግሞ ያረጃል። ቤቱ ሳይሸጥ ስድስት ወር ከቆየ አበዳሪው ባንክ አዲስ ይጠይቃል። የገዥው ጠበቃም ሻጭ ያመጣውን ወረቀት አያምንም፤ «ገዥ ይጠንቀቅ» እያለ ያደገ ሰው እንዴት ይመን? ስለዚህ ሻጭ ይከፍላል፣ ገዥም እንደገና ይከፍላል። ስኮትላንድ በ2008 ተመሳሳይ ነገር ጀመረች፤ ግን ስለ ቤቱ አካል የሚናገረውን ዘገባ አልጣለችም። የስኮትላንዱ ዛሬም አለ።

እና አሁን ሶፍትዌሩ ከሞላ ጎደል ያንን የተሻረ ሕግ በጓሮ በር እየመለሰው ነው። ማንም አላዘዘም። ፋይል በተከፈተበት ቀን ማጣራት ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ብቻ ጥሩ ቢሮዎች ያደርጉታል። ከ2018 ጀምሮ፣ ዋሪክ መጀመሪያ ሆና፣ ካውንስሎች የያዙት የመሬት ግዴታ መዝገብ ወደ ማዕከላዊው መሬት መዝገብ ቤት እየተዛወረ ነው፤ የተዛወረው ወዲያውኑ ይታያል።

ግን ሁሉን በአንድ ገመድ ማንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል ሃክኒ አየች። በጥቅምት 2020 የሃክኒ ካውንስል የኮምፒውተር ጥቃት ደረሰበት። ከጠፉት አገልግሎቶች አንዱ የመሬት ሰርች ነበር። ለወራት በዚያ የለንደን ክፍል ቤት የሚሸጥና የሚገዛ ሰው መልስ አጥቶ ተቀመጠ፤ መንግሥት በወረርሽኙ ምክንያት የቤት ግዥ ግብሩን በቀነሰበት፣ ሁሉም ቀነ ገደብ ሳያልፍ ለመፈረም በሚጣደፍበት ወቅት። ገሚሱ ሽያጭ ዘገየ፣ ገሚሱ ፈረሰ። በቼኩና በፖስታው ዘመን ቀርፋፋ ካውንስል ነበር እንጂ፣ በአንድ ሌሊት ዕውር የሚሆን አልነበረም።

ሌላም ሶፍትዌሩ የማያየው አለ፤ የእኛን ሰው ይበልጥ የሚነካውም ይሄ ነው። ለንደን ውስጥ መጀመሪያ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ አፓርታማ ነው፤ አፓርታማ ደግሞ በሊዝ ነው። ቁልፉ የእናንተ፣ ሕንፃው የሌላ። ከ2017ቱ የግሬንፌል ታወር ቃጠሎ በኋላ የውጭ ግድግዳው በምን እንደተለበጠ የሚያሳይ ሰነድ የሌለው ሕንፃ ብድር አጥቶ ከርሟል። የየዓመቱ የጥገና መዋጮ፣ በሚቀጥለው ዓመት የታሰበው የሊፍት ቅያሪ፣ ጎረቤቶች ከአስተዳዳሪው ጋር ያላቸው ክስ፤ ይህ ሁሉ ያለው በሕንፃው አስተዳዳሪ ኩባንያ ፋይል ውስጥ ነው። ክፍያ ይጠይቃል፣ ሲፈልግ ይልካል። ሶፍትዌሩ ጎርፉን በአረንጓዴ፣ ማዕድኑን በአረንጓዴ፣ ደብሩን በአረንጓዴ ያሳያል። ደንበኛው አረንጓዴውን አይቶ ደስ ይለዋል። ለዚህ ነው ፋይሉን በከፈትንበት ቀን፣ ሻጩ የአስተዳዳሪውን ክፍያ ከፍሎ ጥያቄውን ይልክ እንደሆነ የምንጠይቀው። ብዙ ሻጭ «ገዥው ከጸና በኋላ» ይላል። ከ1536 ጀምሮ የምናውቃት መልስ ናት።

እናንተ ግን ጠበቃ ሳትይዙ በፊት ማየት የምትችሉት ነገር አለ። የአንድን የተመዘገበ ቤት ገጽ፣ ባለቤቱን፣ ባንኩን፣ ብዙ ጊዜም የተገዛበትን ዋጋ ጨምሮ፣ ከመሬት መዝገብ ቤቱ ድረ ገጽ ማንም ሰው ከፍሎ ማውረድ ይችላል፤ ይህን ስጽፍ ዋጋው 7 ፓውንድ ነው። የጎርፉን ሥጋት በነጻ የሚያሳይ የመንግሥት ገጽ አለ። ቤት ያላቸው ደግሞ በስማቸው የተመዘገበው ንብረት ላይ አንድ ሰው ለውጥ ለማስገባት ሲሞክር በኢሜይል የሚያስጠነቅቅ አገልግሎት በነጻ መመዝገብ ይችላሉ። እስከ አሥር አድራሻ ይፈቅዳል፤ የእናታችሁንም ቤት ጨምሩበት።